ጭቃው የሚደርቅበት ቀን

የካቲት 11፣ ማክሰኞ
ዝናብ መለኪያው ባዶ። ወገቤ እንደ ልማዱ ያመኛል። ከሰዓት በኋላ የአየር ትንበያ ክፍል ኃላፊያችን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወረቀት ሰጠኝ... ከወንዙ ማዶ፣ ጎረቤት አገር ውስጥ፣ መሬቱ ከባድ መኪና የሚችለው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ለገበሬዎች ነው» አለ፣ መስኮት መስኮቱን እያየ። ማዶ የኛ ገበሬ የለም። ከመቼ ወዲህ ነው ለሰው ገበሬ ያሰብነው? ነገሩ አልጣመኝም።

የካቲት 14፣ ዓርብ
ታናሽ ወንድሜ ምሳ በላ እኛ ጋ። ታንክ ነጂ ነው፤ የዕረፍት ፈቃዱን ሰርዘውበታል። «ልምምድ ነው ወንድም ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ጥላህንም ትጠረጥራለህ» ብሎ ሳቀብኝ። ሲወጣ ግን ሚስቱን አደራ አለኝ። ለልምምድ አደራ ይባላል?

የካቲት 17፣ ሰኞ
ለሚስቴ ነገርኳት። ጭቃው መጋቢት 23 ይደርቃል። ሚያዝያ ላይ የተራራው በረዶ ይቀልጥና ወንዙ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ዓመት የሚሻገር የለም። ድስቱን አስቀመጠችና «ሁለት ሳምንት ጨምርበት። ማን ያይሃል?» አለች።
ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቁጥር አጣምሜ አላውቅም...

የካቲት 18፣ ማክሰኞ
ትክክለኛውን ጻፍኩ። ኩራት ነው ፍርሃት? እንጃ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ
ጧት ሬዲዮው «ተተነኮስን፣ ሳንወድ ገባን» አለ። መዳፍ የምታክል አገር ይህን ግዙፍ አገር አስገድዳ! በዛሬው ቀን፣ በደረቅ መሬት። ጉድ ነው።

መጋቢት 29፣ ሰኞ
ፀጉር ቤት ክርክር። አንዱ ነዳጁን ፈልገው ነው ይላል። ሌላው የመሪው ትዕቢት ነው። አንድ ሽማግሌ የመሣሪያ ነጋዴዎቹን ይረግማሉ። ሁሉም እውነት ይመስላል። እኔን የጠረጠረ የለም። አስተካካዩ ብቻ «አንገትዎን አያንቀሳቅሱ» አለኝ፣ ሁለት ጊዜ።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ
ወንድሜ ሞተ። ወንዙን ተሻግሮ ብዙም አልሄደም አሉ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ
ኃላፊው ደብዳቤ ሰጠኝ። «ለትክክለኛ ትንበያዎ ምስጋና ይድረስዎ።» ሙሉ ስሜ አለበት፣ ሳይሳሳት። ይህን ጦርነት በሚመለከት የሰው ስም ያለበት ወረቀት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።
ከሥራ ወጥቼ ወንድሜ ሚስት ዘንድ ሄድኩ። አታለቅስም። «ማን ነው ወደዚያ የላከው? የአንድ ሰው ስም ይንገሩኝ» ትላለች። ነዳጁን፣ መሪውን፣ ነጋዴዎቹን ደረደርኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር።
ነገ ሄጄ አነብላታለሁ።