ፎርኬላዋ የተለወጠ የጣሊያን ብስክሌት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጎማ ሊፈቱ ጎንበስ ሲሉ የሚይዝዎ ወገብ ቀለል አለልዎ? እማዬስ? መነጽሯ ደረሰላት? እኔ ከምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ሙቀት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ እሱንም ለምጄዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎ በእርስዎ ሙያ፣ በብስክሌት ጥገና፣ ስለገጠመኝ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ እየሞላ ጥሎኝ ቢሄድ ያገለገለ ብስክሌት ልግዛ ብዬ ቆረጥኩ። የሥራ ጓደኛዬ ወደ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት ላከችኝ። ብስክሌቷ የባለቤታቸው ናት፤ የድሮ የጣሊያን የእሽቅድድም ብስክሌት። ሰውዬው ከታመሙ ሰባት ወራቸው ነው። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል አልወጣቸውም። መስኮት ሥር ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩኛል።

አስተማሪዋ “ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፣ አንድም ነገር አልተነካባትም” አሉኝ። እኔስ የእርስዎ ልጅ አይደለሁ? ተንበርክኬ እየዳሰስኩ ጮክ ብዬ መናገር ጀመርኩ። ቴላዮው፣ ዋናው አካሏ፣ የጣሊያን ነው፤ የፔዳሉ ቋት ላይ የተቀረጸው ልክ ይመሰክራል። ማርሽ መለወጫው ካምቢዮም አብሮት የመጣ ነው። የፍሬኑ እጀታ ኋላ የተገዛ ነው። የፊት ጎማውን የሚይዘው ፎርኬላ ጋ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ጫፎቹ ከኋላ ጎማ መያዣዎቹ ጋር አይመሳሰሉም፤ አንገቷ ሥርም ቀለሙ እንደገና ተቀብቷል። “ይቺ ተጋጭታለች፤ ፎርኬላዋ የሌላ ነው” አልኩ።

አስተማሪዋ ተቆጡ። “ባሌ በአርባ ዓመት አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም!” አሉ። ይሄኔ ከመስኮቱ ሥር የሻከረ ድምፅ መጣ።

“ወደቅኩ።”

ሁለታችንም ክው አልን። ሰውዬው ሚስታቸውን እያዩ “ደበቅኩሽ” አሉና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሴትዮዋ እግራቸው ሥር ቁጭ ብለው “አንተ ውሸታም! እንዳልከለክልህ ነዋ!” እያሉ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

ብስክሌቷን ገዛኋት፤ ግን ከዚያ ቤት አልወጣችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ሰውዬው ፊት እፈታታታለሁ። አንዱን ዕቃ አነሳና “ይሄስ?” እላለሁ። ካቴና፣ ቸርኬ፣ መሪ ማለት ችለዋል። የሚስታቸው ስም ግን እስካሁን እምቢ ብሏቸዋል። ሴትዮዋ “ከካቴና በታች ሆንኩ!” ብለው ይቀልዳሉ፤ ዓይናቸው ግን አይስቅም።

አባባ፣ የዕቃ ስም ሲያስጠኑኝ ሰልችቶኝ አኩርፌ እወጣ ነበር። ለሰው አንደበት ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? የጣሊያን የፔዳል ቋት በሁለቱም በኩል ወደ ግራ ነው የሚፈታው ያሉኝም እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ያኔ አላመንኩዎትም ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ።

የእማዬን ጉንጭ ይሳሙልኝ። ታላቅ ወንድሜን ከነባለቤቱ፣ ታናሽ እህቴንም በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ፤ አክስቴንም እንዳይረሷት።

ብስክሌቷ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ተፈታ አልቃለች፤ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ መግጠም ነው። እርስዎ እንዲህ ያለውን በግማሽ ቀን ይጨርሱታል። እኔ ግን ሰውዬው የሚስታቸውን ስም እስኪጠሩ ድረስ ቀስ እላለሁ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ሚያዝያ 9 ቀን