አባባ ያስጻፉኝ ቀይ ወረቀት

ይድረስ በሲንጋፖር ለምትኖረው ለወንድም ጋሼ ቦሄንግ፣

እንደምን ከረምክ? የዚያ አገር ሙቀት ተስማማህ? ያ የክረምት ሳልህስ ተወህ ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ከቤታችን ወጥቼ መምህርቴ ወይዘሪት ሉዎ ዘንድ ከተጠጋሁ ግን ወር አለፈኝ። እማዬ ደህና ናት፤ በእኔ የተነሣ እንቅልፍ አጥታለች እንጂ።

አባባ ለሐር ነጋዴው ለፋን ልጅ አጭተውኛል። ማንም አልጠየቀኝም። አዲሱ ሕግ ተጋቢዎቹ ራሳቸው ያልተስማሙበትን መታጨት አያውቀውም፤ ስለዚህ ከሰስኳቸው። አዎ፣ ገዛ አባቴን። አጎታችን ችሎቱ በር ላይ አስቁሞ «አንቺ ዓይን አውጣ! ድሮ ቢሆን አባቱን የከሰሰ ጀርባው በዱላ ይላጥ ነበር» አለኝ። «እንኳን ድሮ አልተወለድኩ» አልኩት።

አባባ ግን ለዳኛው አንድ ቀይ ወረቀት አወጡ። የተወለድኩበት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት በገዛ እጄ ተጽፎበታል። ለፋን ቤት የተላከው እሱ ነው፤ ሴት ልጅ ልደቷን በቀይ ወረቀት ላከች ማለት መታጨቱን ተቀበለች ማለት ነው። «እጇን ተመልከቱ፤ ወዳ ነው የጻፈችው» አሉ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፣ አልካድኩም። ያን ቀን፣ ከአገር ሳትወጣ፣ ቀለም የፈጨህልኝ ግን አንተ ነህ። «የዘር መዝገባችን ሊታደስ ነው፣ ልደትሽን ጻፊልኝ» ሲሉኝ በጆሮህ ሰምተሃል። የወረቀቱ ቅላት ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ግን አባባ ዋሽተውኝ አያውቁም።

ምስክር ስባል ስምህን ጠራሁ። አባባ ፈገግ አሉ። ልጅ የአባቱን ገመና ይሸፍን የሚለው የኮንፊሺየስ ትምህርት አዲሱ ሕግ ውስጥም ገብቷል፤ የቅርብ ዘመድ አልመሰክርም ማለት ይችላል። «ቦሄንግን እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ አፉን አይከፍትም» አሉ።

ቀጠሮው በአሥራ አንደኛው ወር በሃያኛው ቀን ነው። ከተረታሁ አጎታችን ከዚህ ቤት ጎትቶ ለፋን ሊያስረክበኝ ዝቷል። ጋሼ፣ የሰማኸውን ጽፈህ በማኅተምህ አትመህ በመጀመሪያው መርከብ ላክልኝ። አባባን ማዋረድ ከከበደህ ደግሞ «ስለዚያ ቀን አልናገርም» ብለህ ጻፍና አትምበት። ችሎት ፊት ቆሜ እኔው አነበዋለሁ። ምንም ያልተደበቀበትን ቀን የሚሸፍን ልጅ እንደሌለ ዳኛውም፣ አባባም ያውቃሉ። ብቻ ባዶ እጄን አታስቁመኝ።

እትዬ ቹንዪን ሰላም በልልኝ። ትንሿን ሚንሹን ጉንጯን ሳምልኝ። የእኔን ደብዳቤ አይከፍቱምና፣ ለአባባ ስትጽፍ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ ሩዪን
ሃንግዡ፣ በቻይና ሪፐብሊክ ሃያኛው ዓመት፣ በአሥረኛው ወር፣ በሦስተኛው ቀን