ወይዘሮ ሚርያም ኤርካሎ እና ከብላቴ የመጣው ድምፅ

ወይዘሮ ሚርያም ከአባታቸው ከአቶ ኤርካሎ ዳልጮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጽጌሬዳ በ1955 ዓ.ም. በዲምቱ ተወለዱ። ሚልክያስ የሚባል፣ ከአጠገባቸው የማይለይ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በ1967 ዓ.ም. ክረምት የብላቴ ወንዝ ሞልቶ ሚልክያስን ወሰደው። አስከሬኑ ባለመገኘቱ ለቅሶው ያለ ቀብር ተፈጸመ።

ትምህርታቸውን በዲምቱና በሶዶ ተከታትለው በ1976 ዓ.ም. በቢጠና መምህርት ሆኑ። ወደ ሶዶ ከተዛወሩ በኋላ በ1986 ዓ.ም. ከአቶ ዮሴፍ ኤርሳዶ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሜላትንና ቸርነትን ወለዱ። ሕፃናት በወላይትኛ መማር በጀመሩበት በዚያ ዘመን ብዙ የሰፈራችን ልጆች ፊደል የቆጠሩት በእርሳቸው እጅ ነው። ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ከኋላቸው «እህቴ፣ ነይ» የሚል ጥሪ ሰሙ። የሚልክያስ ድምፅ ነበር፤ ያው የልጅ ድምፅ። ዞር ሲሉ ከተማሪዎቻቸው በቀር ማንም የለም። ከዚያ ወዲህ ድምፁ በገበያም፣ በጸሎት መሐልም ይመጣባቸው ጀመር፤ በመጣ ቁጥርም ይጥላቸውና ያንቀጠቅጣቸው ነበር። መንፈስ ነው ያለም አልጠፋ። አዲስ አበባ የተደረገላቸው ምርመራ ግን ከግራ ጆሯቸው በላይ፣ አንጎላቸው ውስጥ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ዕጢ አሳየ።

በ2008 ዓ.ም. ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ቦጋለ ራስ ቅላቸውን በሰፊው መክፈት እንደማያስፈልግ፣ የአንድ ብር ሳንቲም በምትሸፍነው ቀዳዳ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ አስገብተው ዕጢውን እንደሚያወጡት ነገሯቸው። ንግግራቸው እንዳይጎዳም ሥራው የተሠራው ነቅተው እያወሩ ነው። ሐኪሙ ቦታውን በቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ነካ ሲያደርጉት ሚርያም በድንገት ዝም አሉ።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ወንድሜ እየጠራኝ ነው።»

«የምናወጣው እሱን ነው። እንቀጥል?»

«እባክዎ፣ አንዴ ልመልስለት።»

ሐኪሙ ደግመው ነኩት። ሚርያም በወላይትኛ ተናገሩ። ክፍሉ ውስጥ ቋንቋውን የምታውቀው የሶዶ ልጅ የሆነችው ነርስ ማርያማዊት ብቻ ነበረች። ለሜላት እንደነገረቻት «አሁን አልመጣም፤ ልጄ ትመረቅ» አሉ። መልስ እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሯቸውን ጥለው ቆይተው፣ «እሺ፣ እስከዚያ ጠብቀኝ» ሲሉ ጨረሱ። ሜላት በኋላ ስትጠይቃቸው ግን «እኔ? ምንም አላልኩም» ብለው ሳቁ።

ቁስሉ ፀጉራቸው ውስጥ ጠፋ። ድምፁም ቆመ፤ በቀጣዩ መስከረም ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ።

ሜላት በሰኔ 2010 ዓ.ም. ተመረቀች። በዚያው ሳምንት ሕመሙ ተመለሰ። ሐኪሙ በዚያችው ቀዳዳ ዳግመኛ መሥራት እንደሚቻል ቢናገሩም፣ አቶ ዮሴፍም እያለቀሱ ቢለምኗቸውም፣ «ይበቃል፤ ብዙ አስጠበቅሁት» ብለው እምቢ አሉ። ነሐሴ 12 ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው «ሜላትዬ፣ ጫማዬን አድርጊልኝ» አሉ። ልጃቸው ማሰሪያውን ቋጥራ ቀና ስትል፣ ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳዞሩ፣ በፈገግታ አርፈው ነበር።

ወይዘሮ ሚርያም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እጅግ ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ውኃም መሬትም የወሰዷቸውን በስማቸው የሚያውቅ ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ በዚህ ለቅሶ የተሰበሰብነውንም ያጽናን። አሜን።