ቢላዋዬ ረከሰ ላልኸኝ ልጄ

ልጄ ሰይዴ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ሙት ሰላም የሚባለው መቃብሩ ላይ ተቁሞ ነበር፤ ያንተ የት እንዳለ የሚነግረኝ ስላጣሁ በወረቀት አልሁህ። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ከድጃ ናት። የምልሽን ጻፊ፣ አታሳምሪው ብያታለሁ። ከቤት ከወጣህ አምስት ረመዷን አለፈ፤ የሞትህ ወሬ ከደረሰን ግን ገና አንድ ክረምት ነው።

ወሬውን ያመጣው ስልክ ነው። አማርኛው የተሰባበረ ሰውዬ፣ “እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጅዎ ሶማሌ ምድር ላይ ሸሂድ ሆነ፤ እንዳያለቅሱ” አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ የሞተበት አባት እንኳን ደስ አለህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አንተ የማን ልጅ ነህ ብለው ዘጋው።

የቤቱን ልንገርህ። እናትህ እግሯን ታማለች። ዋርካው ሥር የነበረው ማሳ ዘንድሮ ጤፍ ነው። ጦርነቱ ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። አንተ ጦርነት ፍለጋ የሰው አገር ሄድህ፤ እሱ ግን እኛን ፍለጋ ሐይቅ መጣ፣ ቤት ሳያገኝህ ቀረ። ስንሸሽ እናትህን ማን አዘላት? የኔ ጉልበት ከድቶኝ ካሳ አዘላት። ያ ካፊር ያልኸው ጎረቤታችን፣ እስከ አርዲቦ ዳገቱን ይዟት ወጣ። እሷም በጀርባው ላይ ሆና፣ ቀስ በል፣ እህል አይደለሁም እያለች ትቆጣው ነበር።

አንተ እኮ እንዲያ አልነበርህም። መውሊድ ሲደርስ መንዙማውን የምታወጣው አንተ ነበርህ። ድምፅህ ሐይቁን ተሻግሮ ይሰማል ይሉኝ ነበር፤ እኔም አላስተባብልም ነበር። ኋላ ወጣቱ ሲታፈስ አንተንም እስር ቤት ወሰዱህ። ምን እንዳደረጉህ አልነገርኸኝም፤ ጀርባህን ግን ስትታጠብ አይቼዋለሁ። ለውጥ መጣ ተባለና ተፈታህ። የወጣው ልጅ የገባው አልነበረም። መንዙማው በአላህ ማጋራት፣ ሽርክ ሆነብህ፤ ለቅሶ መቀመጥም ነቢዩ ያላዘዙት ቢድዓ። ማን እንዳስተማረህ አላውቅም። የገረፈህ ሰው ግን አስሮ ለዚያ አስተማሪህ እንዳስረከበህ አውቃለሁ።

ካሳ የበኩር ልጁን ሲድር፣ እንደ አባቶቻችን ወግ፣ ለእስላም እንግዶቹ የሚሆነውን ወይፈን እንዳርድ ጠራኝ። እኛም ስንደግስ ለክርስቲያኖቹ የሚያርደው እሱ ነው። ሥጋው ይለያያል እንጂ ዳሱ አንድ ነው። አንተ ሳህኑን ገፋህና በካፊር ድግስ የታረደ አልበላም፣ ቢላዋህ ረክሷል አልኸኝ፤ በሰው ፊት። እኔም፣ “የለበስኸውን ሥጋ ያበቀለው ይኸው ቢላዋ ነው” አልሁህ። ዳሱ ሳቀ። አንተ አልሳቅህም። ሳምንት ሳይሞላ ሄድህ። ያልሁት እውነት ነው፣ ዛሬም አልክደውም። ሳቁን ግን አልወደድሁትም።

መርዶህ ሲሰማ ቅሬው ተሰበሰበ። መቼም ሙት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛም የሚያስቀምጠው ቅሬው ነው። አንዱ፣ ለቅሶ ቢድዓ ነው ላለ ሰው ምን ብለን እንቀመጣለን አለ። ሌላው፣ ሰው ሊገድል ወጥቶ የቀረ ነው አለ፤ ሳይቀመጡልህ ተበተኑ። አልዋሹም። የማንን እናት እንዳስለቀስህ እኔም አላውቅ፤ እሱን ጀሊሉ ጌታ ይጠይቅህ፣ እኔ ጠበቃ አልቆምልህም። ግን ልጄ ነህ። ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ዳሴን ራሴ ተክዬ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ረፋዱ ሄደ፣ ማንም አልመጣ።

ከቀትር በኋላ ካሳ በግ እየጎተተ መጣ። ከነነፍሱ ነው ያመጣው፤ እሱ ያረደውን እንደማንበላ ያውቃላ። “አያ እንድሪስ፣ ቢላዋህን አምጣ። ለሰይድ ሰደቃ ነው። እግሩን እኔ እይዝልሃለሁ” አለኝ። እግሩን የምትይዝልኝ አንተ ነበርህ፣ ሰይዴ። ያን ቀን ካሳ ያዘልኝ፣ እኔም ቢስሚላህ ብዬ አረድሁ።

ቆዳው ሳይገፈፍ ቅሬው አንድ ሁለት እያለ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ካሳም፣ “የሥጋ ሽታ ነው ያመጣችሁ?” አላቸው። በዚያ ቀን የሳቅሁት በዚህች ቃሉ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ካመጣው በግ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም፤ ጥግ ይዞ ንፍሮውን ሲቆረጥም ዋለ። ዱዓ ተደረገልህ። ለቅሶህ እንደ ሰው ለቅሶ ሆነ። እናትህም፣ አታልቅሱ ቢባልም፣ እስኪወጣላት አለቀሰች።

አሁን ካሳ የመጨረሻ ልጁን ሊድር ነው። ጠርቶኛል፤ እሄዳለሁ። ቢላዋው ላይ የማነሳው የአላህን ስም ብቻ ነው፤ በዚህስ አትከራከረኝም። አርጄ ጠርጌ ወደ አፎቱ ስመልሰው ግን፣ እጄ እስከታዘዘኝ ድረስ፣ ያንተን ስም እጠራለሁ።

አባትህ እንድሪስ