ዳኛው ያላዩዋቸው ባልዲዎች

ለክቡር ሚስተር ኤልድሪጅ ታልማጅ
የግዛታችን ሕግ አውጪ ምክር ቤት የትምህርት በጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ከራስዎም በላይ የማያፈስ ጣሪያ እመኝልዎታለሁ። እኛ የኮርዌል ሰዎች ደህና ነን፤ ዝናብ ካልመጣ።

የምጽፈው ለማመስገን ነው። ባለፈው ሳምንት በምክር ቤቱ ተነሥተው የእኛን ትምህርት ቤት በምሳሌነት እየጠቀሱ፣ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ በጀት እንደማያሻቸው ሲያስረዱ በሬዲዮ አዳምጫለሁ። ማስረጃዎ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። ወላጆች በጀት ነፍጎናል ብለው ግዛቱን ሲከሱ፣ ዳኛ ሉድቪግሰን ሕንፃውን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። አዩ። «ንጹሕና በቂ ነው» ብለው ፈረዱ። አልዋሹም። ያጸዳሁት እኔ ነኝ።

ቅሬታዬን በተራ ላቅርብ፤ ከማን እንደምጀምር ግን ግራ ገብቶኛል።

፩ኛ፦ ክቡርነትዎ «አንድም የሚያፈስ ቦታ አልታየም» ብለዋል። እግዜር ይስጥልኝ። ባልዲዎቹ በመኪናዬ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበሩ። የኮርኒሱን ቢጫ እድፍ ከጸሐፊያችን ከኖርሊን ጋር መሰላል ላይ ወጥተን ቀብተነዋል። «አንቺ ማርግሬታ፣ እንግዳ እየመጣ ቤት እንዲህ ሆኖ ይቆያል እንዴ? ምን ይሉናል!» ብላኝ ነበር። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ይጸዳል፤ የፖም ፓይ ይጋገራል። ሌላ ሐሳብ አልነበረንም። እንዳልነበረን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

፪ኛ፦ የክፍሎቹን ሙቀት ስላደነቁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ማሞቂያዎቹ ከቤተ ክርስቲያን የተዋስናቸው ነበሩ። ዳኛው ሲወጡ መለስናቸው፤ ልጆቹም ካፖርታቸውን መልሰው ለበሱ። ማንም «ለምን?» አላለኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

፫ኛ፦ ሦስተኛው በእርስዎ ላይ አይደለም። ባለቤቴ ሮይስ ባልዲዎቹን ስጭን አየኝና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪም ሊያይሽ ቢመጣ ቁስልሽን ሸፍነሽ ፓይ ልታበይው ነው?» አለኝ። ሳቅሁ። ሄጄም ፓዩን ቆረስሁ። ዳኛው ጣፍጧቸው አስደገሙ።

ትምህርት ቤቱ በጀት አጥቶ በግንቦት ለዘለቄታው ይዘጋል። የማስተምራት ዊላ፣ ገና የሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ወንዝ ተሻግራ ልትማር ነው። እናቷ ከከሳሾቹ አንዷ ናት። በመንገድ ስታገኘኝ አሁንም እጄን ይዛ፣ «አይዞሽ መምህርት፣ አንቺ የምትችይውን አድርገሻል» ትለኛለች። አድርጌያለሁ። ምን እንዳደረግሁ አታውቅም። ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ ሲወጣ ታውቃለች፤ ስለዚህ ነው ለክቡርነትዎ በፖስታ ብቻ ያልላክሁት። ግልባጩ ለወላጆቹ ጠበቃ ደርሷል። ወላጆቹ የጠየቁት ይግባኝ ሲሰማ ቀርቤ እመሰክራለሁ።

ያላዩትን በእርግጠኝነት ለሚመሰክሩት ለክቡርነትዎ፣ ያየሁትን ከደበቅሁት ከእኔ፣ ከማይገባኝ አክብሮት ጋር፣

ማርግሬታ ኩልሰን
የሁለተኛ ክፍል መምህርት፣ ኮርዌል

ማሳሰቢያ፦ ሊጎበኙን ካሰቡ እባክዎ ቀኑን አይንገሩን። ከነገሩን እናጸዳለን፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ዝናብ ሲዘንብ ድንገት ይምጡ። ባልዲ ግን ይዘው ይምጡ፤ የእኛዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።