ካልኩሌተሩም ቫይረስ ያዘው ተባለ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለሠርክአዲስ፣

ሓፍተይ፣ እንደምን ከርመሻል? ስልክ ላይ ድምፅሽን የዘጋው ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ በለጠስ፣ ወገቡ እንዴት ሆነ? የሮተርዳም ብርድ እንዳልጠናባችሁ ተስፋ አለኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እኔ ግን ሰሞኑን ንድድ ብያለሁ፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

የምትሠሪበት ትምህርት ቤት ሊጥላቸው ሲል ለምነሽ የላክሻቸው፣ ግራፍ የሚስሉት ካልኩሌተሮች በሰላም ደርሰው ነበር። ፕሮግራም መጻፍ እንደሚቻልባቸው ሳሳያቸው ልጆቹ ደወል ተደውሎም ከሒሳብ ክፍሌ አንወጣም አሉ። በተለይ ኣሪያም የምትባል ተማሪዬ የእኩልታ መፍቻ ፕሮግራም በራሷ ጽፋ፣ እሱን ስታሻሽል ነበር የምትውለው።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዋ ከኢንተርኔት ያገኘውን ጨዋታ በኬብል ላከላት። ገና ስትከፍተው ካልኩሌተሩ ደርቆ ቀረ፤ የትኛውም ቁልፍ ቢጫን አይሰማም። የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊያችን መሓሪ ይህን ሰምቶ እየሮጠ መጣና «ቫይረስ ነው! ሌሎቹንም ሳይበክል!» ብሎ ሁሉንም ለቃቅሞ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው።

ብናገር ብናገር ማን ሰምቶኝ። «መሓሪ ሓወይ፣ ይሄ ዕቃ ኢንተርኔት የለውም። ፕሮግራሙ እግር አውጥቶ ከአንዱ ወደ አንዱ አይሄድም፤ ሰው በኬብል ካልላከው፣ ሌላው ተቀብሎ ካልከፈተው ምንም አያደርግም» አልኩት። «ኬብሉ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል?» አለኝ። አዎ ስለው፣ «በቃ! ፀረ ቫይረስ ሳይጫንበት አይወጣም» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ለካልኩሌተር ፀረ ቫይረስ! ከየት አባቴ ላምጣለት?

ትናንት ርእሰ መምህሯን ወይዘሮ ኣረጋሽን ይዤ ሄጄ ቁምሳጥኑን አስከፈትኩት። ፊታቸው የኣሪያምን ካልኩሌተር ባትሪዎች አውጥቼ መልሼ ስከታቸው ተነሣ። ደስ ብሎኝ ወደ መሓሪ ዞር ስል ኣሪያም ካልኩሌተሯን ተቀብላ አየችና «ቲቸር፣ ፕሮግራሜ የለም» አለች። ሁሉም ተጠርጎ ጠፍቷል። ያጠፋው ያ የማይረባ ጨዋታ ይሁን፣ እኔ ባትሪ ማውጣቴ ይሁን፣ እስካሁን አላወቅሁም። መሓሪ «አላልኩም?» አለኝ። ቫይረስስ አይደለም። ግን የደከመችበት ከጠፋ በኋላ ስሙ ለእሷ ምን ይረባታል?

ወይዘሮ ኣረጋሽ ካልኩሌተሮቹ ወደ ክፍል ይመለሱ፣ ኬብሎቹ ግን መሓሪ ዘንድ ይቀመጡ ብለው ፈረዱ። እሱም ጊዜ አላጠፋም፤ «ካልኩሌተርን ከካልኩሌተር ማገናኘት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በክፍሌ በር ላይ ለጥፎልኛል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እኔን ባየሁት ቁጥር ያንገሸግሸኛል።

ዛሬ ጠዋት ክፍል ስገባ ኣሪያም ብቻዋን ተቀምጣ ፕሮግራሟን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ስትጽፍ አገኘኋት። ላግዝሽ ወይ ብላት፣ ቀና እንኳ ሳትል «ይተዉኝ ቲቸር፣ አሁን ከበፊቱ አጥሮልኛል» አለችኝ። እኔም ደብተሬን ይዤ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

በለጠን ሰላም በይልኝ። ትንሹን ሔሩይን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ። እማዬ በርቺ፣ ልብስ ደርቢ ብላሻለች፤ ወንድማችን ኣንዶምም እጅ ይነሣል። ደኅና ሰንብቱልኝ።

እህትሽ ለተኪዳን
መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.