ግማሽ ፍሬ ገብስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፣ አሰላ

ማስተማሩን ትቼ በሶ እየፈጨሁ መሸጥ የጀመርኩት ልጄን በወለድኩ ዓመት ነው። ገብሱን የሚገዛው ግን ባለቤቴ ደረጀ ነበር። ካረፈ አራት ወሩ ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ልገዛ ኢተያ ወረድኩ። እርጥብ ገብስ ከገዛሁ በሶው ይሻግታል፤ ስንት ዓመት የለፋሁበት ስሜም አብሮት ይበላሻል።

ደረጀ ፍሬውን በፊት ጥርሱ ሰብሮ ድርቀቱን ያውቅ ነበር። ግማሹን ያኝክና ግማሹን ወደ ጆንያው ይመልሳል። "ሰው የሚበላው እኮ ነው" እያልኩ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ።

ገብስ የምንገዛቸው ሽማግሌ ኦቦ ቱሉ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ምነው ደከምሽ ልጄ? ባልሽ ትናንት መጥቶ ገብሱን አይቶታል። የሁለት ቀን ፀሐይ ይቀረዋል ብሎኝ ሄደ" አሉኝ።

መሞቱን አልሰሙም። "ደረጀ መሆኑን አይተዋል?" ብቻ አልኳቸው።

"እሱን ደግሞ ላጣው ነው?" ብለው ሳቁ። ሲስቁ ድዳቸው ብቻ ታየኝ። አንድም ጥርስ የላቸውም፤ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው።

ጆንያውን ፈታሁት። ከላይ ግማሽ ግማሽ የሆኑ ፍሬዎች ነበሩ። አንዱን አነሳሁ፤ የተነከሰበት በኩል በምራቅ ርሷል።

ሳልገዛ ተመለስኩ። ፍሬውን ግን ይዤው መጥቻለሁ። ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ አሁንም አልደረቀም።